አሥራ ሁለቱ ወገን የለሽ ካርታዎች

ይህን ወሬ የነገረኝ ሰው ያየውን ነገረኝ፤ እኔም የሰማሁትን እነግራችኋለሁ። በመካከል የጎደለ ቢኖር እናንተው ሙሉት፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ምድረ ገበታ የሚባል አገር ነበር። የት ነው አትበሉኝ። ወንዝ አለው፣ ተራራ አለው፣ ሹም አለው፤ አገር ለመባል ሌላ ምን ያስፈልጋል? በዚያ አገር ሰው ሁሉ ወይ ነጭ ነው ወይ ጥቁር። በመልኩ አይደለም፤ በመልክማ አንዱን ከሌላው ለመለየት የወለደቻቸው እናት እንኳ ትቸገር ነበር። የሚለዩት በአውራ ጣታቸው ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የመንግሥት ቀቢዎች ሁለት ቅል አንጠልጥለው በየደጃፉ ያልፋሉ፤ በአንዱ ቅል ኖራ፣ በሌላው ጥላሸት። አባቱ ነጭ የነበረ ጣቱን ዘርግቶ ኖራ ይቀባል፤ አባቱ ጥቁር የነበረ ጥላሸት ይቀባል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። የጠየቀ ከነበረም ወሬው አልደረሰኝም።

የከተማው አደባባይ ነጭና ጥቁር ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነጠፈበት ነው። ነጩ ሰው ነጭ ድንጋይ ብቻ ይረግጣል፣ ጥቁሩም ጥቁር ብቻ። እንዲህ ባለ ንጣፍ ላይ ወገኑን ሳይስት የሚሄድ ሰው ታዲያ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ከድንጋይ ጥግ ወደ ድንጋይ ጥግ ሰያፍ መርገጥ አለበት። ስለዚህ የምድረ ገበታ ሰው ሁሉ ሰያፍ ሂያጅ ነበር። ልማድ ሆኖባቸው ድንጋይ በሌለበት ሜዳ ላይም ሰያፍ ይሄዱ ነበር። ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ምንጩን በጎን አልፋው ሄዳ፣ ዞራ ነው የምትመለሰው። ሰውን «አንተ ቀጥ ያልክ!» ማለት የሚያካስስ ስድብ ነበር።

ጨዋታቸው ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ፍርዳቸውም እሱው ነው። ሁለት ሰዎች በወሰን ቢጣሉ ነጩና ጥቁሩ አደባባይ ላይ ገበታ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ የረታው ጸደቀ፣ የተረታው ተፈረደበት። የወሰኑ ድንጋይ የማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ሕጉ አጭር ነው፦ ነጭ ከጥቁር ጋር ብቻ ይቀመጥ፤ ክስ የሚዘጋውም አሸናፊና ተሸናፊ ከነወገናቸው በመዝገብ ሲሰፍሩ ነው።

በዚህ አገር ትብለጥ የምትባል ብራና ፋቂ ነበረች። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ሥራውንም፣ ሰንጠረዡንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትብለጥ ከጠዋት እስከ ማታ እጇ ውሃ ውስጥ ነው። የፍየል ቆዳ ትዘፈዝፋለች፣ በእንጨት ላይ ትወጥራለች፣ ጠጉሩንና ስቡን ትፍቃለች፣ እንደገና ታጥባለች። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የተቀባችው ጣት እኩለ ቀን ሳይሆን ንጹሕ ይሆናል። ቀቢዎቹ መጀመሪያ እብሪት መሰላቸው። ሁለት ጊዜ ቀቧት፣ ሦስት ጊዜ ቀቧት፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነባቸው። በመጨረሻ «ጣቷ ቀለም አይዝም» ብለው ጽፈው በደጃፏ ማለፍ ተዉ። የጻፉበት ብራና እሷ የፋቀችው ነበር።

ሰው ይንቃት ነበር። «ፋቂ» ሲሏት አንገቷን አትደፋም። «ሊቁ ይጽፋል፣ ሹሙ ያትማል፤ እኔ ካልፋቅሁ ግን በምን ላይ?» ትል ነበር፤ ስትልም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው። እውነቷን ነው። በምድረ ገበታ ያለ ሕግ ሁሉ፣ እሷን የሚከለክለው ሕግ ሳይቀር፣ ከእሷ እጅ በወጣ ቆዳ ላይ የሰፈረ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያንገበግባት ነበር። ሰንጠረዥ ትወዳለች፤ ጣቷ ምልክት ስለሌለው ግን ከፊቷ መቀመጥ የሚፈቀድለት ሰው የለም። አባቷ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ትብለጥ «ሰው ካልሰጡኝ ሰው የማይፈልግ ጨዋታ እሠራለሁ» አለች። ከብራና ቁርጥራጭ መዳፍ የምታህል አሥራ ሁለት ካርታ ቆረጠች፤ በየካርታው ላይ የሰንጠረዡን ሠራዊት ሳለች፤ ፈረስ፣ ደር፣ ፊል፣ ፈርዝ፣ እግረኛው መደቅ፣ እና አንድ ብቻ ንጉሥ።

አጨዋወቱን ልንገራችሁ፣ ቀላል ነው። ካርታዎቹን ደባልቀህ በሦስት መደዳ አራት አራት አድርገህ ትደረድራለህ። ከአንዱ መደቅ ትነሳለህ። የቆምክበት ካርታ ላይ የተሳለው እንደሚሄድ ትሄዳለህ፤ መደቅ ላይ ከሆንክ አንድ እርምጃ፣ ደር ላይ ከሆንክ ቀጥ ብለህ የወደድከውን ያህል፣ ፈርዝ ላይ ከሆንክ በሰያፍ አንድ፣ ፊል ላይ ከሆንክ በሰያፍ ሁለት፣ ፈረስ ላይ ከሆንክ ዘለህ። የተነሳህበትን ትገለብጣለህ፤ የተገለበጠ አይረገጥም። አሥራ አንዱን ሁሉ ረግጠህ መጨረሻ ንጉሡ ዘንድ ከደረስክ ፈታኸው። አንድ ካርታ እንኳ ሳይረገጥ መንገድ ካለቀብህ ሰብስበህ እንደገና ትጀምራለህ። የሚቆጣህ የለም፣ የሚስቅብህም የለም።

የአጥር ጎረቤቷ ወይዘሮ እንጎቻ፣ ነጭ ጣት፣ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየቻት።

«ትብለጥዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?»

«ከማንም።»

«ታዲያ ማን ይሸነፋል?»

«ማንም።»

«ኧረ ወዲያ! እንዲህ ያለው ጨዋታ ምኑ ይጥማል?» ብላ እንጎቻ ሄደች። በማግስቱ ማለዳ ግን አጥሩ ሥር ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እስቲ እህቴ፣ ያችን የማትጥም ጨዋታሽን ለዛሬ አውሺኝ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል! ከእንጎቻ የእንጎቻ ባል ተማረ፣ ከእሱ ጥቁር ጣቱ ቀጥቃጭ ተማረ፤ ሰው ቁርጥራጭ ብራና ልለቅም እያለ ትብለጥ ደጅ ተሰለፈ። በዓመቱ አደባባዩ ጭር አለ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሊካሰስ ተነስቶ «ቆይ ይቺን ልፍታት» ብሎ ይቀመጥና ክሱን ይረሳዋል። የሸንጎ ሹማምንት ገበታቸውን ዘርግተው ተከሳሽ ቢጠብቁ ዝንብ ብቻ መጣላቸው።

ይህን ጊዜ ነገሩ ሊቀ አውራጣት ድንበሩ ዘንድ ደረሰ። ሊቀ አውራጣት ማለት የአገሩን ጣት ሁሉ የሚመረምር፣ ወገኑን የሚጠብቅ ሹም ነው። ድንበሩ ነጭ ነበር፤ እንደ ተራው ሰው ሰኞ ሰኞ ሳይሆን በየዕለቱ ይቀባል፤ ጣቱንም እንዳይጎድፍ በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ይይዘዋል። በዚያች ጣት ጉርሻ ጎርሶ አያውቅም ይባላል። ትብለጥን በማክሰኞ ቀን አስጠራት።

መጣች። እንደ ሰዉ ሰያፍ አልሄደችም። ነጩንም ጥቁሩንም ድንጋይ እየረገጠች አደባባዩን ከወዲያ ወዲህ ቀጥ ብላ አቋረጠችው፤ ከማንም ሰው ይልቅ ቶሎ ደረሰች። ሕዝቡ በሙሉ አፉን ያዘ።

«በወገንሽ ድንጋይ ላይ ቁሚ» አላት ድንበሩ።

ትብለጥ አንድ እግሯን በነጩ፣ አንድ እግሯን በጥቁሩ ላይ አድርጋ ቆመች። «እዚህ ይመቸኛል» አለች።

ጸሐፊው ልሳኑ ክሱን አነበበ። «አንደኛ፣ ያለ ባላጋራ መጫወት። ሁለተኛ፣ ያለ ተሸናፊ መደሰት። ሦስተኛ...» ቀና ብሎ አያትና ጨመረበት፤ «ሦስተኛ፣ አሁን በዓይናችን እንዳየነው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ።»

«አንቺ ፋቂ፣ ምን ትመልሻለሽ?» አለ ድንበሩ።

«ፋቂ መሆኔን አልክድም፣ ጌታዬ። ያ የተነበበው ክስ የተጻፈበትን ቆዳ የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ከበስተጀርባው ያለችውን ጠባሳ አውቃታለሁ። ያለ ተሸናፊ መደሰቴንም አልክድም። ደስ ብሎኛል፤ ማንም አልተጎዳብኝም።»

ልሳኑ ብራናውን ገልብጦ አየ። ጠባሳዋ አለች። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ።

ድንበሩ ካርታዎቹን አስመጥቶ አንዱን በሐር በተጠቀለለ ጣቱ ነካ። «ይህ ፈረስ የማን ነው? የነጭ ነው የጥቁር?»

«ፈረስ ነው።»

«ወገኑን ነው የጠየቅሁሽ!»

«ወገኑ አካሄዱ ነው፣ ጌታዬ።»

ድንበሩ ፍርዱን ተናገረ። ትብለጥ ወይ ወገን ይዛ ካርታዎቿን በወገን ትቀባለች፣ ወይ ቤቷንና መወጠሪያዎቿን ለመንግሥት ትታ ከወንዙ ማዶ ትሻገራለች። ወገን የሌለው ሰው በምድረ ገበታ መሬት ላይ አያድርም። ግን፣ አያችሁ፣ የአገሩ ሕግ ራሱ እግር ተወርች አሰረው። ክስ የሚዘጋው በጨዋታ ነው፤ ከትብለጥ ፊት ደግሞ የሚቀመጥ ወገን የለም። ሹማምንቱ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ድንበሩ ዘዴ አገኘ።

«ጨዋታዋን እኔው ራሴ እጫወተዋለሁ» አለ። «ካርታዎቹ እንደ ሕጋችን ይቀቡ፤ ነጭ በጥቁር ላይ ብቻ ይርገጥ፣ ጥቁርም በነጭ ላይ ብቻ። እስከ ዓርብ ደወል ድረስ ከፈታሁት ጨዋታ ያለ ወገን እንደማይሆን ተመሰከረ፤ ትቀቢያለሽ ወይ ትሻገሪያለሽ። ካልፈታሁት...» እዚህ ላይ ሳቀ። «ካልፈታሁትማ በቤትሽ ከነጣትሽ ኑሪ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«ድርድሩን እኔ ልሥራ፤ መፍትሔ ያለውን ድርድር እሰጥዎታለሁ። አልሸነግልዎትም።» አሥራ ሁለቱን ደረደረች።

ቀቢዎቹ ቅላቸውን ይዘው ቀረቡ። አንዱን ካርታ ኖራ፣ አንዱን ጥላሸት እያሉ ቀቡ፤ ንጉሡ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ነጭ ይቀባ? ጥቁሮቹ ያጉረመርማሉ። ጥቁር ይቀባ? ማን ደፍሮ! ልሳኑ መዝገብ ገለጠ፣ ሹማምንቱ ጢማቸውን ጎተቱ፤ የአገሩን ንጉሥ በዓይኑ ያየ ሰው ስለሌለ ጣቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

«ንጉሥ ከወገን በላይ ነው፤ እንዳለ ይቅር» አለ ድንበሩ በመጨረሻ።

ትብለጥ ቀና አለች። «እንግዲህ በምድረ ገበታ ወገን የሌለን ሁለት ሰዎች ነን ማለት ነው፤ ንጉሡና እኔ» አለች። እንዲህ ስትል አባቷ ያወጡላትን ስም የዚያን ቀን ያህል ወዳው አታውቅም።

ድንበሩ ማክሰኞን ተጫወተ፤ ከስድስተኛው ካርታ አላለፈም። ከነጭ ፈረስ ሲዘል የሚያርፈው በነጭ ደር ላይ ይሆንበታል፤ ሕጉ አይፈቅድም። ሰብስቦ ጀመረ። ረቡዕ ቀለሙን ለዋውጡልኝ አለ፤ ለዋወጡለት። አንዱ ጋ የተፈታው ሌላው ጋ ይቋጠራል። ሐሙስ ምሳውን ረሳ። አሥር ካርታ፣ አንድ ጊዜም አሥራ አንድ ካርታ ደረሰ፤ ግን ከንጉሡ ደጃፍ ሲቆም መግቢያ የለውም። ንጉሡ ነጭ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፤ ነጩም ጥቁሩም እሱ ላይ መርገጥ ተከልክሏል። ያን ሁሉ ሠራዊት አሰልፎ ንጉሡ ዘንድ የሚደርስ አንድ ሰው አጣ።

ሕዝቡ ግን አልሄደም። በድንጋዩ ዳር ዳር፣ ነጩም ጥቁሩም አንገቱን አስግጎ ያያል። «እዚያ ጋ... እዚያ ጋ!» እያሉ ይጠቁማሉ። ነጩ ለጥቁሩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ለነጩ። እንጎቻ ትብለጥ አጠገብ ቆማ «ቢፈታውስ?» እያለች ክንዷን ትቆነጥጣት ነበር።

«በዚያ ሕግ አይፈታውም» አለች ትብለጥ። ዓይኗ ግን ከዚያ ወደሚታየው ወንዝ ይሄድ ነበር፤ ዘፍዝፋ የተወቻቸው ሦስት ቆዳዎች ቤት ናቸው።

ዓርብ ከሰዓት ድንበሩ ሰው መሆኑን ረሳ። ሐሩን ከፈታው ቆይቷል፤ ላብ አስቸግሮት። ዓይኑ ከካርታዎቹ አይነሳም። ዘጠኝ ካርታ ገልብጧል፤ አሁን የቆመው ጥቁር ፊል ላይ ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ጥቁር የተቀባ ፈረስና ንጉሡ። ፊሉ ወደ ፈረሱ ይደርሳል። ፈረሱ አንድ ቢዘል ንጉሡ ዘንድ ነው። መንገዱ እዚያው ከፊቱ ተዘርግቷል፤ ሕፃን የሚያየው መንገድ። የከለከለው ያ ጥላሸት ብቻ ነው።

በእናንተ ደርሶ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንድ እንቆቅልሽ ሊፈታ አንድ ጣት ሲቀረው ሰው ሹመቱንም ስሙንም ይረሳል። ድንበሩ አውራ ጣቱን በምራቁ አረጠበ። ፈረሱን ፈተገው። ጥላሸቱ ተነሳ፤ ከሥሩ የትብለጥ ፈረስ፣ ነጭም ጥቁርም ያልሆነው፣ የብራና መልኩን ይዞ ብቅ አለ። ፊሉን ገለበጠ፣ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ ዘለለ፤ ፈረሱን ገለበጠ። ንጉሡ ብቻውን ቀረ።

«ፈታሁት!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ደስታ በሸንጎው ተሰምቶ አያውቅም። ዘወር አለ፤ በልማዱ የተሸነፈውን ሰው ፊት ሊያይ ነበር። የተሸነፈ የለም። ነጩም ጥቁሩም ከእሱ ጋር እልል ይላል።

ልሳኑ ብዕሩን ነከረ። «ጌታዬ፣ አሸናፊ ብዬ እርስዎን ልጻፍ። በየትኛው ወገን?»

«በነጭ እንጂ!»

«ጣትዎን ያሳዩኝ፤ ሕጉ ነው።»

ድንበሩ ጣቱን ዘረጋ። በኖራው ላይ ጥላሸቱ ተለውሶበታል፤ አመድ መስሏል። ነጭ ነው የሚል ሰው አይገኝም፣ ጥቁር ነው የሚልም። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት አባቶች እዚያ ቢኖሩ ባልሳቁ ነበር፤ የሰውየው ፊት የሚያስቅ አልነበረም። ወገን የሌለው ሰው በምድረ ገበታ መሬት ላይ አያድርም ያለው እሱ ነው፤ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። ደወሉ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ተደወለ።

ድንበሩ ትብለጥን አያት። «እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አላት በቀስታ።

ትብለጥ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ አንድ እግሯ በነጩ፣ አንድ እግሯ በጥቁሩ። «ደስ ያለኝስ ፈረሴን ንጹሕ አድርገው ስላዩት ነው» አለች። «ፍርዱን እርስዎ ይስጡ፤ ሹመቱ የእርስዎ ነው። ግን ፍርዱ ለሁለታችን አንድ ነው። እኔ ከተሻገርኩ እርስዎም ይሻገራሉ። እርስዎ ከቀሩ እኔም እቀራለሁ። እኔ ማንንም አላሻግርም፤ ለራሴ ግን አልለምንም።»

ሊቀ አውራጣቱ ጣቱን አየው። በዕድሜው ሙሉ ጠቅልሎ ያኖረው ጣት ነው።

«እንቀራለን፣ ወይዘሮ ትብለጥ» አለ። «እርስዎም፣ እኔም።»

ያን ቀን «አንቺ» ማለቱን እንደተወ ሰዉ ሁሉ ልብ አለ። እንጎቻ ደረቷን ነፍታ «ጎረቤቴ ናት!» አለች፤ ለማን እንዳለችው አይታወቅም።

ትብለጥ አሥራ ሁለት ካርታዎቿን ሰበሰበች፤ ኖራና ጥላሸቱን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ከወገቧ ሸጎጠቻቸው። ቆዳዎቿ ይጠብቋታል። አደባባዩን እንደ አመጣጧ ቀጥ ብላ ማቋረጥ ጀመረች። ጥቂት እንደ ሄደች ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች። ድንበሩ ነው። ከነጭ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ጥቁሩ ላይ ሊያሳርፈው ፈርቶ፣ አየር ላይ ይዞት ቆሟል።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ እንዲህ ያስቸግራል እንዴ?»

«መጀመሪያ ያንገዳግዳል» አለችው፤ ዞራ አልጠበቀችውም። «ይርገጡ፤ ድንጋይ ነው።»

እግሩን አሳረፈ። ተንገዳገደ፣ አልወደቀም። ከኋላው አንድ ነጭ ጣት፣ ከዚያ አንድ ጥቁር ጣት እግራቸውን አነሱ።

መዝገቡ ዛሬም አልተዘጋም ይላሉ። ልሳኑ «አሸናፊ» እና «ተሸናፊ» ብሎ ጽፎ ከፊታቸው ያለውን ስፍራ ባዶ ተወው፤ ብራናውም ጠባሳ ያለበት ያው የትብለጥ ብራና ነው። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። ለሌላ የምትነግሩ ከሆነ ግን አደራ፣ መጀመሪያ ጣታችሁን ታጠቡ።